ከጋሽ ገዳሙ ግቢ የወጣው ቀይ አረፋ

ጋሽ ገዳሙ በደብረ ማርቆስ፣ በእኛ ሰፈር፣ ባለሙያ ደጃቸውን ረግጦ የማያውቅ ብቸኛ ሰው ናቸው። ጣራ ሲያፈስ ራሳቸው ይወጣሉ፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ራሳቸው ይጠመዝዛሉ፤ ሬዲዮ ሲበላሽ ራሳቸው ይፈታሉ። የፈቱት ነገር ተመልሶ ሲገጠም ታዲያ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቡሎን ይተርፋል። "ፋብሪካው ለጥንቃቄ ያበዛው ነው" ይላሉ፣ ትርፉን ኪሳቸው እየከተቱ። ኪሳቸው ስለሚንሿሿ መምጣታቸው ከሩቅ ይታወቃል።

ልጅ ሳሉ ቅኔ ሊማሩ ደብረ ኤልያስ ገብተው ነበር። ጎጃም ውስጥ ቅኔ ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ቢቆጠር ገበያ ይሞላል፤ እሳቸውም ከገበያተኛው አንዱ ናቸው። "ቅኔውስ ገብቶኝ ነበር፤ እንደገባኝ ያልገባቸው መምህሬ ናቸው" ይላሉ። ከዚያ ዘመናዊ ትምህርት ተምረው እስከ ጡረታ ድረስ የእጅ ሥራ መምህር ሆኑ። ከተማችን ውስጥ ሦስት እግሩ መሬት የሚነካ፣ አራተኛው የሚንጠለጠል በርጩማ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የእሳቸው ተማሪ ነው።

ክፉ ሰው ግን አይደሉም። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ ጽዋው በሥርዓት እንዲዞር የሚያዩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የቀረውን ለምን ቀረ ብለው የሚጠይቁ እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ ንጹሕ መሆን አለበት። ንጹሕም ነበር፣ እስከዚያች የሁዳዴ ረቡዕ።

ነገሩ የመጣው በመኪና ነው። ባሕር ዳር የሚነግደው የበኩር ልጃቸው አዲስ ሲገዛ፣ አሮጌዋን ትንሽ ነጭ መኪና ለአባቱ ሰጠ። በአገራችን ልጅ ከአባቱ ይወርሳል፤ ጋሽ ገዳሙ ከልጃቸው ወረሱ። መኪናዋ አውቶማቲክ ናት፤ ማርሽ የምትቀይረው ራሷ ናት። "እኔን መሰለች፣ የሰው እጅ አትጠብቅም" እያሉ ይኮሩባት ነበር። ከገና በኋላ ግን የቆመችበት ቦታ ሁሉ ጠብታ እየተወች ትሄድ ጀመር።

መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው ጌቱ አጎንብሶ አየና፣ "ጋሼ፣ የካምቢዮው ኮፓ ነው የሚያንጠባጥበው" አላቸው። ኮፓ ማለት ከካምቢዮው ሆድ ሥር በቡሎን ታስሮ ዘይቱን አቅፎ የሚይዝ የብረት ጣባ ነው። "መሐሉ ያለው ማሸጊያ አርጅቷል። ኮፓው ወርዶ ይቀየር። ያምጧት፣ እስከ ምሳ አደርስልዎታለሁ።"

ጋሽ ገዳሙ አላመጧትም። ይልቁንም በዚያው ሰሞን ማኅበሩ ተሰብስቦ ሳለ፣ "መካኒክ ማለት ያልታመመውን አስተኝቶ የሚያስታምም ሰው ነው። ጌቱ የመኪናዬን ሆድ ካየ እኔ የእጅ ሥራ አላስተማርኩም!" ብለው ፎከሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ንግግሩም ፀሐይ ሳትጠልቅ ጌቱ ጆሮ ደረሰ፤ የእኛ ሰፈር ወሬ ባጃጅ አይጠብቅም።

ጌቱም፣ "ይሁና፣ ራሳቸው ያውርዱታ" አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "ኮፓስ ይወርዳል፤ አወራረዱን ማን ሊነግራቸው ነው?"

ሁዳዴ ገባ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙላቷ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ቁይ ወረዱ። በግቢው የቀሩት ጋሽ ገዳሙና ተከራያቸው መቅዲ ብቻ ሆኑ። መቅዲ ከሆሳዕና በሥራ የመጣች የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ጠዋት በመሥሪያ ቤቷ መኪና ወደ ገጠር ትወጣለች፣ ከብት ስትከትብ ውላ ማታ ትመለሳለች። ሃይማኖቷ ፕሮቴስታንት ነው። የሁዳዴ ጾም አይመለከታትም፤ ሆኖም "እናንተ ስትጾሙ የእኔ ድስት ለምን ይሽተት" ብላ ሁዳዴ ከገባ እስኪወጣ ሥጋ ከአጥሩ አታሳልፍም። ይህን ጋሽ ገዳሙ ያውቃሉ። ወይዘሮ ሙላቷም "የእኛዎቹ ልጆች እንዲህ ቢያከብሩን ምን ነበረበት" እያሉ ስንቴ ሲያወሩት ሰምተዋል።

እንግዲህ ያቺ ረቡዕ መጣች። ጋሽ ገዳሙ በስልካቸው ኮፓ የሚያወርድ ፈረንጅ አይተው ነበር። ፈረንጁ መጀመሪያ ቡሎኖቹን በጣቱ እያሳየ ረጅም ወሬ ያወራል። ቋንቋው ስላልገባቸው ያንን ዘለሉት። "እጁን አሳየኝ እንጂ ስብከቱ ምን ያደርግልኛል" ብለው። ጌቱ በኋላ እንደነገረን፣ ያ የዘለሉት ወሬ ዋናው ነገር ነበር፦ በአንድ በኩል ያሉትን ቡሎኖች አላልተህ ተዋቸው፤ ኮፓው ወደ ሌላው ጎን ዘንበል ይበልና ዘይቱ ቀስ ብሎ ይውረድ።

መኪናዋን በክሪክ አነሱ፣ ድንጋይ ደገፉ፣ የወይዘሮ ሙላቷን የሊጥ ሳፋ ከሥር አስቀመጡና በጀርባቸው ገቡ። አንዱን ቡሎን ፈቱ፣ ሌላውን ፈቱ፣ ሁሉንም ፈቱ። ኮፓው ንቅንቅ አላለም፤ የድሮው ማሸጊያ እንደ ሙጫ ይዞታል። ጋሽ ገዳሙ እንደተናቁ ቆጠሩት። ካቻቢቴ በጠርዙ ሰክተው በድንጋይ አንድ ጊዜ መቱ።

ኮፓው ሁለንተናው ተነቀለ።

ያ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ጥቁር አይደለም። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የተቀየረ ነበርና ቀይ ነው፣ ድፍን ቀይ። ከግንባራቸው እስከ እምብርታቸው ወረደባቸው። ሳፋው እግራቸው ዘንድ ነበር፤ የደረሰው ጥቂት ነው። የተረፈው በሲሚንቶው ላይ ተንጣለለ። ጋሽ ገዳሙ ዓይናቸውን ጨፍነው እየተሳቡ ወጡ፣ በእጃቸው ፊታቸውን ቢያብሱ እጃቸውም ከፊታቸው ባሰ።

እዚህ ላይ ዝም ብለው አመድ ቢነሰንሱበት ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። እሳቸው ግን ኦሞ አምጥተው በተኑበት፣ በባልዲ ውኃ ደፉበት፣ በመጥረጊያ ፈተጉት። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ቀይ አረፋው እየተንከባለለ በአጥሩ ሥር ባለችው የውኃ ቀዳዳ ወጣና ለመንገዱ ቦይ ተሰጠ።

ከመንገዱ ማዶ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጠው የብርጓል ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የእኛን ሰፈር ነገር ከቦዩ የሚለቅም ሰው ቢኖር እሷ ናት። ቀይ አረፋ አየች። በጾም፣ በረቡዕ፣ ከማኅበሩ ሙሴ ግቢ። ተነሥታ በሩን አንኳኳች።

"ጋሽ ገዳሙ! ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ከውስጥ፣ በሩን ሳይከፍቱ።

"ምን እየሠሩ ነው?"

"ቤት እያጠብኩ።"

ጋሽ ገዳሙ ቤት ሲያጥቡ ያየ ሰው የለም፤ ሙላቷ ራሳቸው አላዩም።

"እትዬ ሙላቷ መጡ እንዴ?"

"አልመጣችም።"

"ታዲያ ይክፈቱልኝና ላግዝዎት?"

"ኧረ አይገባም! ጨርሻለሁ!"

በሩን ቢከፍቱ ኖሮ የዘይት ሰው ታይ ነበር፣ ትስቅ ነበር፣ ያልቅም ነበር። ግን የብርጓል ያየችውን ማታውን ጌቱ ይሰማዋል። ያንን ፉከራቸውን አስታወሱና መቀርቀሪያውን በቀይ እጃቸው ይበልጥ ገፉት።

ማታ ላይ ወሬው በግ ነበር። በማግስቱ ረፋድ ላይ ሙክት ሆነ። ከሰዓት ላይ ደግሞ ቆዳው አጥር ላይ ተሰጥቶ ያየ ሰው ተገኘ።

በዚያው ሐሙስ ከቅዳሴ ሲወጡ የብርጓል ከሁለት ሴቶች ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ጠበቀቻቸው። ልታዋርዳቸው አይደለም፤ ይህን ልንክዳት አንችልም። ሙሴያቸው በጾም አረዱ ብሎ ማመን ለእሷም ከብዷት ነበርና መውጫ ይዛላቸው ነው የመጣችው።

"ጋሽ ገዳሙ፣ እርስዎን አልጠረጥርም፣ አፌ ይቆረጥ" አለች። "ያቺ ተከራይዎ ናት አይደል? እነሱ ጾም የላቸው። ከብት ስታገላብጥ ነው የምትውለው፣ ማረድ ለሷ ምኗ ነው! እርስዎ ስሟ እንዳይጠፋ ብለው ያፈሰሰችውን ደም አጠቡላት። እውነቴን ነው?"

ጋሽ ገዳሙ ረቡዕ ጠዋት መቅዲ ሥራ እንደሄደች ነበር የሚያውቁት። እሳቸው እንደሚያውቁት ልጅቷ በሰዓቱ በግቢው እንኳ የለችም። አፋቸውን ከፈቱ። ሦስቱም ሴቶች ዓይናቸውን በእሳቸው አፍ ላይ ተከሉ።

"እኔ የሰው ጓዳ አልገባም" አሉ።

ይቺው ናት። ውሸት የለባትም፣ ሐሰት ብሎ የሚከስሳቸው የለም። ሴቶቹ ግን "አዬ ጨዋ ሰው!" እያሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ፤ እሳቸውም በቆሙበት ጆሯቸው ሲግል ተሰማቸው። ያን ቀን በቀጥታው መንገድ አልተመለሱም። በጀርባ በኩል፣ በባሕር ዛፉ ሥር ዞረው ነው ቤታቸው የገቡት።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ መቅዲን በዝምታ ጠመዳት። የሰደባት የለም፣ የመታት የለም። ቦኖው ላይ ጀሪካኗን ስታስጠጋ ሴቶቹ የራሳቸውን ያነሣሉ። ሰላምታ ስትሰጥ የሚሰማ ይጠፋል። አንድ ምሽት ጋሽ ገዳሙ ከበራቸው ኋላ ቆመው ይህን ሰሙ፦

"እትዬ የብርጓል፣ አምስት እንጀራ ትሰጪኛለሽ?"

"አልጋገርኩም ዛሬ።"

"ጭሱ እየወጣ ነው እኮ።"

"የታዘዘ ነው። የጾመኛ ነው።"

መቅዲ ባዶ ሰሃኗን ይዛ ተመለሰች። ጋሽ ገዳሙ በሩ ሲከፈት ሸሽተው ሽንት ቤት ገቡ፣ እሷ ክፍሏን እስክትዘጋ ድረስም እዚያው ቆዩ። የእጅ ሥራ መምህር፣ የማኅበር ሙሴ፣ ሽበታም ሰው፣ ከአንዲት ልጅ ሰሃን ተደብቀው።

መኪናዋም አልተነሣችም። ኮፓውን መልሰው ሲገጥሙ አንዱን ቡሎን ከመጠን በላይ አጠበቁትና አንገቱ ተቆርጦ ውስጥ ቀረ። ሸራ አልብሰዋት በድንጋይ ላይ ቆመች።

የመጋቢት ኪዳነ ምሕረት ተራው የእሳቸው ነበር፤ ማኅበሩ እሳቸው ቤት ይውላል። ቀኑ ሲቃረብ የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደጊዮርጊስ መጡ። ባርከው ተቀመጡና ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"ገዳሙ፣ ማኅበርተኛው አጉረምርሟል። በሁዳዴ ደም በፈሰሰበት ግቢ ጽዋ አንጠጣም ነው የሚሉት። እኔ ጠበል እረጭበታለሁ። ልጅቷን ግን በደህና ሸኛት። አትቆጣት፣ አታሳፍራት። ብቻ ሌላ ቤት ትፈልግ።"

"አባ…" አሉ ጋሽ ገዳሙ።

"እህ?"

መምሬ ጠበቁ። ውጭ ንፋሱ የመኪናዋን ሸራ ያንኳኳል።

"ውኃ ላምጣልዎት?" አሉ ጋሽ ገዳሙ።

በዚያው ማምሻ የመቅዲን በር አንኳኩ። ልጅቷ ቦት ጫማዋን ከጭቃ ስታራግፍ ነበር፤ ብድግ አለች።

"ጋሼ፣ ይግቡ።"

"አልገባም፣ ቸኩያለሁ። እ… የወንድሜ ልጅ ከመርጡለ ማርያም ሊመጣ ነው። እዚህ ሊማር። ክፍል የለንም፣ እንግዲህ… አንቺም ታውቂያለሽ።"

መቅዲ ጫማዋን ይዛ ትንሽ አየቻቸው።

"እሺ ጋሼ። ቤት እፈልጋለሁ።"

"አትቸኩይ እንግዲህ!" አሉ፣ እያስወጧት።

ወይዘሮ ሙላቷ የማኅበሩ ዋዜማ ከቁይ ገቡ። ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወደ ማድቤት ዘለቁ፤ ለማኅበሩ የሚቦካ አለ። ወዲያው ድምፃቸው መጣ።

"አንተ ሰው! የሊጥ ሳፋዬን ምን ነካው? ምንድን ነው ይሄ ቀይ?"

ጋሽ ገዳሙ ገቡና ማድቤቱን ዘጉ። ስለ ኮፓው ነገሯቸው። ዘይቱ በፊታቸው ላይ እንዴት እንደወረደ ነገሯቸው። ወይዘሮ ሙላቷ መጀመሪያ አማተቡ፣ ቀጥለው ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ቤት እያጠብኩ አልካት? አንተ? ውይ በሞትኩት!" ከዚያ ጋሽ ገዳሙ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ሥር ነገር አወሩ። የቦኖውን፣ የሰሃኑን፣ የመምሬን፣ የወንድም ልጁን።

ሳቁ ቀስ ብሎ ሞተ።

"የትኛው የወንድም ልጅ?" አሉ ወይዘሮ ሙላቷ።

ጋሽ ገዳሙ መሬት መሬት አዩ።

"አንተ ወንድም የለህም፣ ገዳሙ።"

ወይዘሮ ሙላቷ ተነሥተው ሳፋውን በአመድ መፈተግ ጀመሩ፤ አልለቅ አላቸው። ጀርባቸውን እንደሰጡ ተናገሩ።

"እኔ ሳልኖር ልጅቷ ከማን ጋር ናት እያልኩ ሳስብ፣ ከገዳሙ ጋር ናት እያልኩ ነው የምተኛው። ነገ ማኅበሩ ፊት ትናገራለህ። ካልተናገርክ እኔ ጽዋ አልቀዳም፣ እንግዳም አላስተናግድም። ቁይ እመለሳለሁ።"

በማግስቱ ማኅበርተኛው መጣ። መምሬ ጠበሉን ይዘው ሊረጩ ሲነሡ ጋሽ ገዳሙ ብድግ አሉ።

"አባ፣ ይቆዩ። የሚረጭበት ነገር የለም። በዚህ ግቢ ደም አልፈሰሰም። የፈሰሰው የመኪና ዘይት ነው። ኮፓውን እኔ ነኝ ያወረድኩት… ወረደብኝ። ልጅቷ ምንም አላረደችም። እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ።"

ጥግ ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ፣ "ታዲያ ቆዳውስ?" ቢል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "እንግዲህ ሙክቱ ባለ አራት ጎማ ነዋ!" አለ ሌላው። "ጌቱን ጥሩት፣ ብልት እሱ ያውጣ!" ጋሽ ገዳሙ ቆመው ሳቁን ጠጡት። ያ ሁሉ ዝምታ ይህን ሳቅ ፈርተው ነበር፤ ሳቁ ግን መጥቶ ሲያዩት ያን ያህል አልነበረም። እንዲያውም እሳቸውን ያሳነሳቸው ይኸው የፈሩት ሳቅ ማነሱ ነው።

ያልሳቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ወይዘሮ ሙላቷ። ሌላው መምሬ ወልደጊዮርጊስ፤ ጠበሉን አስቀምጠው፣ "እኔም ሳልጠይቅ ፈርጄባታለሁ" አሉ። "ለኛ ነገርከን። ለእሷስ?"

መቅዲ ክፍል ውስጥ ዕቃው ግማሹ ታስሮ ነበር። ጋሽ ገዳሙ ዛሬ አልቸኮሉም፤ ገብተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

"መቅዲ፣ የወንድሜ ልጅ አይመጣም።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"ያ ቀይ ነገር… እኔ ነበርኩ።"

"እሱንም አውቃለሁ። ያን ዕለት ራሴን አሞኝ ቀርቼ ተኝቼ ነበር። ሲወድቅብዎት ድምፁን ሰምቼ በመስኮት አየሁ። ልወጣ ብዬ ደግሞ፣ እንዳያፍሩ ብዬ ተውኩት።"

ጋሽ ገዳሙ የሚይዙት ፈለጉ፤ የበሩን መቃን ያዙ።

"ታዲያ ሰው ሁሉ እንዲያ ሲያደርግሽ ምነው አልተናገርሽ?"

"እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?" አለች፣ ገመድ እየቋጠረች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ደግሞ እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ዛሬ ይናገራሉ፣ ነገ ይናገራሉ እያልኩ። በሬን ያንኳኩ ቀን ሊነግሩኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የተነሣሁት።"

"ቅሪ ልጄ። ክፍሉ ያንቺው ነው።"

"ቤት አግኝቻለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ።" ቀና ብላ አየቻቸው። "አላዘንኩብዎትም ጋሼ" አለች፤ ይህ ግን እውነት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

እሑድ ዕቃዋ በባጃጅ ሄደ። ፍራሹ ግን አልገባ አለ። መኪናዋ ድንጋይ ላይ ናት፤ ጋሽ ገዳሙ ፍራሹን ራሳቸው ላይ አደረጉት። "ተሸካሚ እንጥራ" ብትላቸው አልሰሟትም። በዋናው መንገድ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ እያየ፣ እሷ ከፊት እሳቸው ከኋላ ሄዱ። የብርጓል ከደጇ ብድግ ብላ፣ "ምነው መቅዲዬ፣ ጠፋሽ እኮ! እንጀራ አትወስጂም?" አለች፣ ምንም እንዳልነበረ። በእኛ ሰፈር ይቅርታ የሚባለው እንዲህ ነው። መቅዲ፣ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ አለፈች።

አዲሷ አከራይ በሩን ከፍተው ፍራሹን ተቀበሉ። ላብ ያጠመቃቸውን ሽማግሌ አዩና አዘኑላቸው።

"ውይ፣ እንዲህ ይደክማሉ! አባትሽ ናቸው?" አሏት።

መቅዲ ወደ ጋሽ ገዳሙ ዞረች። ጋሽ ገዳሙም መልሱን ለመስማት እንደማንኛውም ሰው ጠበቁ።

"አይደሉም" አለች በትሕትና። "የበፊት አከራዬ ናቸው።"